አሮጌውን የገላ መታጠቢያ በጥቂት ገንዘብ ስለ ማደስ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ገላ መታጠቢያ ክፍል ነው። በከተማ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ የሚታጠበው ከ30 ወይም ከ40 ዓመት በፊት በተሠራ ክፍል ነው። ወለሉ ተሰነጣጥቋል፤ የብረት ቧንቧው ዝጓል፤ ግድግዳው ሻግቷል። እንዲህ ያለ ክፍል ሰውን ከመታጠብ ያሸሻል። ገላውን የማይታጠብ ሰው ደግሞ ልብሱንም ቶሎ አይቀይርም፤ በልብስ ስፌት ውስጥ የሚራባው ቅማል ግርሻንና ታይፈስን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ መታጠቢያን ማደስ የጌጥ ነገር ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ ጥቂት ሲሆን ከምን እንጀምር? የሰው ዓይን የሚሄደው ወደሚያብረቀርቀው ነው፤ ሴራሚክና አዲስ የሻወር ራስ ይገዛል። እኔ ግን የምመክራችሁ ውሃው ከሚመጣበት ሳይሆን ከሚሄድበት እንድትጀምሩ ነው። በተበላሸ ወለል ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ከሥሩ ውሃ ይዞ ይነቀላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

አንደኛ፤ ወለሉን መርምሩ። አንድ ባልዲ ውሃ ድፉና ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ውሃው ተጠራቅሞ የሚቀርበት ቦታ ካለ፣ ወለሉ በደንብ አያዘነብልም ማለት ነው። ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ወለል ያሟልጫል፤ በእርጅና ዘመን የተሰበረ የዳሌ አጥንት ደግሞ ሰውን አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል። የላላውን ልስን ጠርባችሁ አንሡ፤ አጥባችሁም አርጥቡት። ከዚያ 1 እጅ ሲሚንቶ ከ3 እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር አቡክታችሁ፣ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ማፍሰሻው እንዲያዘነብል አድርጋችሁ ልበጡት። 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ለሆነ ወለል፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 50 ኪሎ ከሚመዝነው ከረጢት ግማሹ ገደማ ይበቃል፤ የቀረው ለግድግዳው እግር ይሁን። ፊቱን እንደ ሊሾ አታለስልሱት፤ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ዳበስ ቢደረግ እግር ይይዛል። ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፤ ሲሚንቶ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃልና።

ሁለተኛ፤ ማፍሰሻው ሲፎን ይኑረው። በሲፎኑ ውስጥ የሚቆመው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሽታንና በረሮን ያግዳል። መታጠቢያው ብዙ ቀን ሳይሠራ ከቆየ አንድ ጣሳ ውሃ ጨምሩበት።

ሦስተኛ፤ ቧንቧው። ውሃ መክፈቻዎችን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ አሁንም ከዞረ የሚያፈስ ቦታ አለ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቶሎ አስጠግኑ። የሚያንጠባጥብ መክፈቻ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው በውስጡ ያለችውን ትንሽ የጎማ ቀለበት መለወጥ ብቻ ነው። የሻወሩ ራስ ነጭ ጨው ይዞት ውሃ ካሳነሰ፣ ፈትታችሁ በአቼቶ ውስጥ አሳድሩትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። አዲስ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።

አራተኛ፤ አየር። ሻጋታ የሚኖረው በእርጥበት ነው። ከጣራው ሥር መተንፈሻ ክፈቱና በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ለሻጋታው በረኪና ብትጠቀሙ ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ ሳንባን የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ይወጣዋል።

ገንዘብ አነሰ ተብሎ የማይዘለል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ኤሌክትሪክ ነው። የመሬት ሽቦ በሌለው አሮጌ መስመር ላይ የውሃ ማሞቂያ መግጠም ሰው ይገድላል። ለባለሙያ የሚከፈል ከሌለ ማሞቂያው ይቅር። ውሃውን ምድጃ ላይ አሙቃችሁ በባልዲ ታጠቡ፤ ሕፃን እንዳይቃጠል በባልዲው ውስጥ ቀዝቃዛውን አስቀድሙ፣ ሙቁን አስከትሉ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሁሉንም በአንድ ወር መጨረስ ግዴታ አይደለም። በዚህ ወር ወለሉን፣ በሚቀጥለው ቧንቧውን ማድረግ ይቻላል። ሴራሚኩ ግን ተራውን ይጠብቅ፤ ባይመጣም ንጹሕ የሲሚንቶ ግድግዳ ማንንም አያሳምም።