የሃይድሮጅን ተሽከርካሪ በአውሮፕላን ማረፊያ፦ ከባሌ ከፍታ ላይ ሲታይ



በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚመረጥበት ወቅት ሲደርስ፣ አንድ ጥያቄ ሳይቀርብልኝ አያልፍም፦ «ውሃም አለን፤ መብራትም አለን፤ ታዲያ ሃይድሮጅን ለምን አንሠራም?» ጥያቄው ቅን ነው፤ መልሱ ግን አዎ ወይም አይደለም በሚል ቃል አይቋጭም። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ውሱን ሥፍራ፣ ይኸውም በአውሮፕላን ማረፊያ ግቢ፣ ልመረምረው መርጫለሁ።

የኤርፖርት ግቢ ለሙከራ የተመቸ ነው። ተሽከርካሪዎቹ ከግቢው አይወጡም፤ መንገዳቸው አጭርና የታወቀ ነው፤ አንድ የመሙያ ጣቢያ ለሁሉም ይበቃል፤ አሽከርካሪዎቹም ሥልጠና ያላቸው ናቸው። በጀርመን የሙኒክ ኤርፖርት ይህን ቀድሞ ተገንዝቦ እ.ኤ.አ. በ1999 የሃይድሮጅን ጣቢያ ከፈተ። የማን ኩባንያ አውቶቡሶች ሃይድሮጅንን እንደ ቤንዚን በሞተር ውስጥ እያቃጠሉ መንገደኛ አመላለሱ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ተጠናቀቀ። በእንግሊዝ ብሪስቶል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢዚጄት የተባለው አየር መንገድ፣ ከክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች አጋሮች ጋር፣ በሃይድሮጅን የሚሠራ የሻንጣ ጎታች ትራክተርን በመደበኛ በረራዎች መካከል ፈተነ። ልብ በሉ፤ ትራክተሩን መንዳት እምብዛም አስቸጋሪ አልነበረም። ዋናው ጥያቄ መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን በሚቆምበት ግቢ ውስጥ ጋዙን በደኅንነት መሙላት ይቻላል ወይ የሚል ነበር። የሃይድሮጅን ነበልባል በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ጋዙም ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው ድርሻ ሲቀላቀል ይቀጣጠላል። ይህን ለሚቆጣጠር ክፍል የደንብ ሰነዱ ከማሽኑ ይልቅ ይከብዳል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅንን በኤሌክትሮሊሲስ ለማግኘትና በጋን ውስጥ ጨምቆ ለማስቀመጥ በግምት 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ጋዙ የሚይዘው ኃይል 33 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ፊውል ሴሉ ከዚህ ውስጥ ግማሹን ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሳል፤ ለጎማው የሚተርፈው እንግዲህ 16 ወይም 17 ነው። ያው 55 ኪሎዋት ሰዓት በቀጥታ ባትሪ ውስጥ ቢገባ ወደ 45 የሚጠጋው ለሥራ ይደርሳል። ሃይድሮጅን የሚካሰው በጊዜ ነው፤ ጋኑ በደቂቃዎች ይሞላል፤ ባትሪ ግን ሰዓታት ሊጠይቅ ይችላል። አውሮፕላን ካረፈ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመልሶ በሚነሣበት፣ ትራክተሩም ሌሊትና ቀን በማያርፍበት ሥፍራ ይህ ትርፍ ዋጋ አለው። በቦሌ ሊያከራክር ይችላል። በጣት የሚቆጠሩ የቱርቦፕሮፕ በረራዎች በሚያርፉበት በሮቤ ግን ትራክተሩ ባትሪውን ሲሞላ ቢውል ማንም አይጎዳም።

ታዲያ ሮቤ ለምን ይነሣል? መልሴ አንድ ቃል ነው፦ ከፍታ። እዚህ የቆምንበት መሬት ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ይላል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፊውል ሴል ኦክስጅኑን ከአየር ስለሚወስድ፣ በሁለት ባር ግፊት እንዲሠራ የተነደፈ መሣሪያ በባሕር ዳርቻ አየሩን ሁለት እጥፍ ብቻ ይጨምቃል፤ እዚህ ግን ወደ 2.7 እጥፍ መጨመቅ አለበት። መጭመቂያው የሚበላው ኤሌክትሪክ ከዚያው ከሴሉ የሚቀነስ ነው። ከጎባ ወጥተን ሳነቴ ላይ ስንደርስ፣ 4,000 ሜትር ግድም፣ ግፊቱ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሌላም አለ፦ ሴሉ የሚያወጣው ጭስ ሳይሆን ውሃ ነው፤ የሳነቴ ሌሊት ደግሞ ውሃን ያረጋል። በቱቦው ውስጥ የቀረ ጠብታ ማለዳ በረዶ ሆኖ ይገኛል። በአንጻሩ ብርዱ ራሱ ለማቀዝቀዣው እገዛ ነው፤ ስስ አየር የሚያጓድለውን ቀዝቃዛ አየር በከፊል ይክሳል። የትኛው እንደሚያመዝን በወረቀት ሊገመት ይችላል፤ በመለካት ግን ይታወቃል። እንዲህ ያለ የከፍታ መሰላል፣ በአንድ ቀን መኪና ጉዞ ውስጥ ከቆላ እስከ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር፣ ብዙ የዓለም ቤተ ሙከራዎች በገንዘብ የማያገኙት ነው። ለዝያራ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚወርደው መንገድም የዚሁ መሰላል የታችኛው እርከን ነው።

ኃይሉስ? በዋቤ ሸበሌ ላይ ያለው መልካ ዋከና እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ቆሟል፤ ገናሌ ዳዋ ሦስትም 254 ሜጋዋት ጨምሮልናል። ሆኖም ይህን ኃይል በትራክተር ጋን ውስጥ ከማስገባታችን በፊት ከደጃችን ያለውን የስንዴ ማሳ እንመልከት። ገበሬው የሚጠብቀው ዩሪያ ከውጭ የሚገባ ነው፤ የዩሪያ መነሻ አሞኒያ፣ የአሞኒያም መነሻ ሃይድሮጅን ነው። በግብፅ አስዋን የሚገኘው የኪማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በግድቡ ኤሌክትሪክ ውሃን እየከፈለ ማዳበሪያ ያመርት ነበር። የናይል ውሃ ከስልሳ ዓመት በፊት የሠራውን ሥራ እንደ አዲስ ግኝት ስንሰማ ትንሽ ፈገግ ማለታችን ይፈቀድልን። ሃይድሮጅን በኢትዮጵያ ቢመረት ቀዳሚ ደንበኛው መኪና ሳይሆን ማሳ ነው ብዬ አምናለሁ። ኤሌክትሪክ መኪናን በተመለከተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል አቅጣጫውን ለባትሪ ሰጥቷል፤ በዚህም አልቃወምም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማቀርበው ርእስ ጠባብ ነው። ትራክተር አንግዛ፤ ጣቢያም አንሥራ። ጥቂት ኪሎዋት የምታመነጭ አንዲት ፊውል ሴል በጭነት መኪና ላይ ትጫን፤ ከሮቤ ወደ ጎባ፣ ከጎባ ወደ ሳነቴ ትውጣ። በየ500 ሜትሩ የመጭመቂያው ፍጆታ፣ የሴሉ ሙቀትና የሚወጣው ውሃ መጠን ይመዝገብ፤ በማግስቱም ያደረችበት ሥፍራ ድረስ ተሄዶ ስንት ደቂቃ ቆይታ እንደተነሣች ይታይ። የቦሌም ሆነ የቢሾፍቱ አዲሱ ኤርፖርት መሐንዲሶች አንድ ቀን ይህን መሣሪያ ለመግዛት ሲያስቡ ሻጩ የሚያቀርብላቸው ሠንጠረዥ በባሕር ወለል ላይ የተለካ ይሆናል። የእኛው ሠንጠረዥ ከጎኑ ቢቀመጥ እወዳለሁ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።