ስለ አንገስ ከብት የዘር መዝገብና ስለ ጠባቂ ቤተሰቦች



በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ በስፔይ ወንዝ አጠገብ፣ ባሊንዳሎክ የሚባል ርስት ይገኛል። ሰር ጆርጅ ማክፈርሰን ግራንት በ1860 ያቋቋሙት የአበርዲን አንገስ መንጋ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ እኛ ዘመን ደርሷል፤ ሳይቋረጡ ከዘለቁት የዝርያው መንጋዎች ሁሉ አንጋፋው ነው።

ሰር ጆርጅ በ1861 ከኪኔርድ ኤሪካ የተባለች ላም ገዙ። ከእርሷ በሴት መስመር የተወለዱት ሁሉ ኤሪካዎች ይባላሉ። ሰው በአባቱ ሲቈጠር የአንገስ ላም የምትቈጠረው በእናቷ ነው። ኮርማ ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ላም ግን ከቤት ትቀራለች። ወተቷን፣ አወላለዷንና ጠባይዋን የሚያውቀው ለብዙ ዓመታት አብሯት የኖረ ቤተሰብ ነው። ቀደም ሲል፣ ከ1808 ጀምሮ፣ ጥቁሩንና ቀንድ የሌለውን ከብት እየመረጡ ያራቡት የኪለሩ ሂው ዋትሰን ነበሩ፤ «አሮጊቷ ግራኒ» የተባለችው ላማቸው ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ኖራ 29 ጥጆች እንደ ወለደች ይነገርላታል። የመጀመሪያው የዘር መዝገብ የታተመው በ1862 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት መዝገቡ የእያንዳንዱ አርቢ ማስታወሻና ትዝታ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁንና መዝገብ ማን ከማን እንደ ተወለደ እንጂ የተወለደው ምን እንደሚሠራ አይናገርም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የትርዒት ዳኞችና የባሕር ማዶ ገዢዎች አጭርና ድቡልቡል ኮርማ ስለ ወደዱ፣ አርቢዎቹ ከብታቸውን ትውልድ በትውልድ አሳጠሩት። በ1963 በፐርዝ ገበያ ሊንደርቲስ ኢቨልስ የተባለ ኮርማ በ63,000 ፓውንድ ለአሜሪካዊ ገዢ ተሸጠ፤ ኋላም መካን ሆኖ ተገኘ! በዚያው በ1960ዎቹ ግዙፉ የፈረንሳይ ሻሮሌ ወደ ብሪታንያ ገብቶ ገበያውን ይሻማ ጀመር። አርቢዎቹም የጠፋውን ቁመት ለመመለስ ከካናዳና ከአሜሪካ ኮርማ አስመጡ፤ እነዚያ ራሳቸው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ከስኮትላንድ የተሻገሩት ከብቶች ዘር ነበሩ። ቁመቱ ተመለሰ። የውጭ ደም ያልገባበት የጥንቱ የስኮትላንድ ሐረግ ግን እጅግ ጥቂት ሆኖ ቀረ።

በ2008 ደግሞ በአሜሪካ፣ መዝገባቸው በተሟላ የአንገስ መንጋዎች ውስጥ፣ እግራቸው የታጠፈና ጀርባቸው የጐበጠ ሙት ጥጆች መወለዳቸው ተረጋገጠ። ችግሩ በአንድ ዝነኛ የኮርማ ሐረግ የተሠራጨ ስውር ባሕርይ ነበር፤ ጉዳቱ የሚገለጠው ጥጃው ከሁለቱም ወላጆቹ ሲወርሰው ብቻ ነው። እዚህ ላይ መዝገቡ ውለታውን ከፈለ፤ የትውልዱ ሐረግ ተጽፎ ስለ ነበር ተጠርጣሪዎቹ በስም ተለዩ፤ የዘረመል መመርመሪያም በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋጀ።

ለቤተሰብ እርሻ ግን ውጤቱ ከባድ ፍርድ ነበር። አያት የመረጡትን ሐረግ የልጅ ልጅ በአንድ ጊዜ ከመንጋው ያስወጣ፣ ወይስ ተሸካሚዋን ላም ከነጻ ኮርማ እያስጠቃ ጥጆቿን ይመርምር? ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ነጻ ስለሚሆኑ፣ ሁለተኛው መንገድ ቢዘገይም የእናቲቱን ሐረግ ያተርፋል።