በውሃ ውስጥ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣትና ስለ መሣሪያው አመራረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በፎቶግራፍ ክበብ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ክበባችን በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንዲያደርግ በታዘዘ ጊዜ የመረጥነው ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አልቀረም። ባሕር የሌለው አገር ልጆች በውሃ ውስጥ ስለሚነሣ ፎቶግራፍ ምን አገባቸው የሚል ጥያቄ ከአሁን በፊትም ሰምተናል። መልሳችን አጭር ነው፤ የምንኖረው በጣና ዳር ነው። በጣና ውስጥ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ ከቶ የማይገኙ ብዙ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። እኛ ግን የምናውቃቸው በገበያ ላይ ሞተው፣ ቀለማቸው ደብዝዞ፣ አለዚያም በድስት ውስጥ ነው። በሕይወት ሳሉ በገዛ ውሃቸው ውስጥ ምን እንደሚመስሉ አይቻለሁ የሚል ጓደኛ ከመካከላችን አላገኘንም። በ1986 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገባ ወዲህ፣ በተለይ ለመራባት ወደ ወንዞቹ የሚወጡት ዓይነቶች እጅግ መቀነሳቸውን የዓሣ ሊቃውንት ጽፈዋል። ስለዚህ ሥዕላቸውን ለማንሣት ያለን ጊዜ እንደ ልባችን የምናባክነው አይደለም።

የክበባችን ገንዘብ ጥቂት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በምን ላይ ይዋል በሚለው ጉዳይ በመካከላችን ብርቱ ክርክር ተደርጎ ነበር። አንደኛው ወገን «ጥሩ ሥዕል የሚገኘው በጥሩ ካሜራ ነውና ገንዘቡ ሁሉ በካሜራው ላይ ይዋል» ይላል። እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን፤ ምክንያታችንንም ዛሬ በፊታችሁ ልናስረዳ ተነሥተናል።

አስቀድሞ ታሪኩን በአጭሩ እንይ፤ ዘመኖቹን የምንጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሉዊ ቡታን የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሊቅ በ1893 በደቡብ ፈረንሳይ በባኒዩልስ ሱር ሜር ባሕር ውስጥ ካሜራውን ውሃ በማያስገባ ሣጥን ከቶ ፎቶግራፍ አነሣ። ከብርሃኑ ማነስ የተነሣ አንዱን ሥዕል ለማንሣት እስከ 30 ደቂቃ ድረስ የቆየበት ጊዜ ነበር ይባላል። ዓሣ ግን 30 ደቂቃ ቆሞ አይጠብቅም። በ1926 ደግሞ አሜሪካውያኑ ሎንግሌይና ማርቲን በፍሎሪዳ አጠገብ ዓሦችን በቀለም ለማንሣት ሲሉ በውሃው ላይ ባንሳፈፉት ጠፍጣፋ ጀልባ የማግኒዥየም ዱቄት ያቃጥሉ ነበር፤ ዱቄቱም አንድ ጊዜ ፈንድቶ ሎንግሌይን ክፉኛ አቃጠለው። ልብ በሉ፣ እነዚህን ሰዎች ያስቸገራቸው ካሜራው አልነበረም፤ ብርሃኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀይ ባሕር የዚህ ሙያ ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነ። ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስ በዚያ ያነሣው ፊልም በ1951 ታየ። ኢጣልያኖችም በብሩኖ ቫይላቲ መሪነት በ1952ና በ1953 ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጥተው ብዙ ወራት ሠሩ፤ ፎልኮ ኩይሊቺ ያዘጋጀው ባለ ቀለም ፊልምም በ1954 ወጣ። ዳህላክ ዛሬ የኤርትራ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደችበት ዘመን ነበርና፣ አያቶቻችን ያላዩትን የአገራቸውን ባሕር የሮማ ሕዝብ በሲኒማ ቤት ተቀምጦ አየው ማለት ነው። ቤልጅጋዊው ዣን ደ ቩተር ደግሞ ለኩስቶ ባልደረቦች ያለ ሣጥን በቀጥታ ውሃ ውስጥ የሚገባ ካሊፕሶ የሚባል ካሜራ ሠራላቸው፤ ከ1963 ጀምሮ ኒኮን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኒኮኖስ ብሎ አወጣው፤ ሥራውም እስከ 2001 ድረስ ቆየ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ውሃ ብርሃንን ይበላል፤ የሚበላውም ሁሉንም ቀለም በእኩል አይደለም። በንጹሕ ባሕር ውስጥ አስቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው። በ5 ሜትር ጥልቀት ላይ አብዛኛው ቀይ ጠፍቷል፤ ቀጥሎ ብርቱካናማው፣ ከዚያ ቢጫው ይከተላል፤ በመጨረሻ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል። በዚያ ጥልቀት ጣቱን የተቈረጠ ጠላቂ ደሙን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያየዋል። ይህ ጥፋት የሚቈጠረው ወደ ታች ባለው ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑ ከዓሣው ተነሥቶ እስከ ካሜራው የሚሄደው መንገድም ይጨመርበታል። በጥልቁ ውስጥ ቀለሙን የሚመልሰው ከቅርብ የሚበራ መብራት ወይም ፍላሽ ነው። ለባሕር የሚሸጠው ቀይ ማጣሪያ የፀሐይ ብርሃን በሚደርስበት ሰማያዊ ውሃ ያገለግላል፤ ለእኛ ግን አይጠቅምም። እንደ ጣና ባለ ደፍራሳ ውሃ አስቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊው ስለ ሆነ ውሃው ወደ ቡናማና ወደ አረንጓዴ ያደላል። መጻሕፍቱ የተጻፉት ለባሕር ሰዎች ነውና፣ ያነበብነውን ሁሉ እንዳለ ወደ ሐይቅ ማምጣት አይገባም።

መብራቱንም ያላግባብ የያዘ ሰው ከጨለማው ይልቅ ይከፋበታል። በሌሊት አቧራ በሚጨስበት መንገድ መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቃል፤ መብራቱ አቧራውን እንጂ መንገዱን አያሳየውም። በውሃም ውስጥ ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ከሆነ በመካከል ያለውን ጭቃ እያበራ ሥዕሉን በረዶ የዘነበበት ያስመስለዋል። ስለዚህ ፍላሹ ረዘም ባለ ክንድ ላይ ታስሮ ከሌንሱ ወደ ጎን መራቅ፣ ከትንሽ ወደ ኋላም መሆን አለበት። በካሜራው ላይ የተሠራችው ትንሿ ፍላሽ በውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታጠፋ እንጂ የምትረዳ አይደለችም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን መቅረብ ነው። ዓሣው ሩቅ ሲሆን በየብስ እንደለመድነው አቅርቦ በሚያሳይ ሌንስ ለመሳብ እንመኛለን፤ ያ ሌንስ ግን በመካከል ያለውን ውሃ አያስወግደውም። ይልቁንስ ሰፊ የሚያይ ሌንስ ይዞ ከዓሣው እስከ አንድ ክንድ ድረስ መጠጋት ይበጃል። ጠፍጣፋ መስተዋት ደግሞ ነገሩን በሲሶ ያህል አጉልቶ ስለሚያሳይ የሌንሱን ስፋት ያጠብበታል፤ በጉልላት መልክ የተሠራ መስተዋት ግን ስፋቱን ይመልሳል። የፊዚክስ መምህራችን የጨረር ስብራትን ባስተማሩን ጊዜ ለምን ይጠቅማል ብለን አጉረምርመን ነበር።

ስለ ሣጥኑ ደግሞ ይህን እንበል። በውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የ1 ኪሎ ያህል ግፊት ይጨመራል። መስተዋቱ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቢሆን፣ በ10 ሜትር ላይ የሚጫነው ከ110 ኪሎ ይበልጣል፤ ይኸውም የአንድ ትልቅ ኩንታል ሸክም ነው። ይህን ሁሉ ከሣጥኑ ውጭ የሚያቆመው አንድ ቀጭን የላስቲክ ቀለበት ነው። አንዲት የጠጕር ዘለላ ወይም አንድ የአሸዋ ቅንጣት በቀለበቱ ላይ ብትቀር ካሜራው ጠፋ ማለት ነው። ቀለበቱን በጥሩ ብርሃን መመርመር፣ በጣት ዳስሶ ማጽዳት፣ ቅባቱንም በስሱ መቀባት ያስፈልጋል። ውሃን የሚከለክለው ላስቲኩ እንጂ ቅባቱ አይደለምና፣ ቅባት ማብዛት ቆሻሻ መሰብሰብ ብቻ ነው። አዲስ ሣጥን ሲገዛ መጀመሪያ ካሜራ ሳይገባበት፣ ስስ ወረቀት ተደርጎበት በበርሜል ውስጥ ይጠለቃል፤ ወረቀቱ ደርቆ ከወጣ ያን ጊዜ ይታመናል።

የትኛው ይገዛ እንግዲህ? ሌንሱ የሚለዋወጥ ትልቅ ካሜራ ሥዕሉ የተዋበ ነው፤ ሣጥኑ ግን ብዙ ጊዜ ከራሱ ከካሜራው ዋጋ ይበልጣል፤ ለሌላ ካሜራም አይሆንም። ውሃ አይገባውም የተባለ ስልክም አለ፤ የተፈተነው ግን በንጹሕ የረጋ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የስልኩም ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ አባታችን ናቸው። ጎፕሮን የመሰሉት ትንንሽ ካሜራዎች፣ በ2016 ከወጣው ከአምስተኛው ጀምሮ፣ ያለ ሣጥን እስከ 10 ሜትር ይጠልቃሉ፤ ለተንቀሳቃሽ ሥዕል መልካም ናቸው፣ በጣም ቀርበው ግን አጥርተው አያዩም። ኦሊምፐስ በ2019 ያወጣው ቲጂ-6 የሚባለው ግን ያለ ሣጥን እስከ 15 ሜትር ይጠልቃል፤ ከሌንሱ ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለውንም ነገር አጥርቶ ያነሣል። የጣና ጥልቀት በሚበዛበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። ታዲያ 60 ሜትር የሚጠልቅ ሣጥን የምንገዛው ለየትኛው ባሕር ነው?

ሐሳባችን ይህ ነው። ከዚህ ዓይነት ያገለገለ አንድ ካሜራ ይገዛ፤ የቀረው ገንዘብ ለሁለት መብራትና ለክንዶቻቸው ይዋል። የውሃውን ድፍርስነት ለማሸነፍም ከመስተዋት የተሠራ ሣጥን በአንጥረኛ እናሠራለን። ሣጥኑ በተጣራ ውሃ ተሞልቶ በሌንሱና በሚነሣው ነገር መካከል ይደረጋል፤ በመካከሉ የነበረውን ጭቃ ውሃ ገፍቶ በጠራ ውሃ ይተካዋል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ድንጋዩን፣ ቀንድ አውጣውንና የደንገሉን ሥር ማንሣት ይቻላል። ለሚሸሸው ዓሣ ደግሞ ጠባብ የመስተዋት ገንዳ እናዘጋጃለን፤ ዓሣ አጥማጁ በሕይወት ያወጣው ዓሣ በሐይቁ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በገንዳው ይቆያል፣ ከጎን በመብራት ይነሣል፣ ወዲያውም ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

ወላጆቻችን ስለ ደኅንነታችን የጠየቃችሁት ተገቢ ነው። በጣና ዳር ብልሃርዝያ አለ፤ ጉማሬም አለ። ስለዚህ ከእኛ ማንም ውሃ ውስጥ አይገባም። ካሜራው በረዥም ዘንግ ጫፍ ታስሮ ከጀልባ ላይ ይጠልቃል፤ በየጥቂት ሰኮንዱ በራሱ እንዲያነሣ ይደረጋል። ሁለተኛ ገመድም ከዘንጉ ሌላ ይታሰርለታል። በክረምት ወንዞቹ ጭቃ ስለሚያመጡ አንሞክረውም፤ ውሃው ሻል ብሎ የሚጠራበትን በጋ እንጠብቃለን።

ክርክሩ በሚመጣው ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በላቦራቶሪ በድምፅ ይቈረጣል። በርሜሉ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ሰሌዳ፣ በሸክላ አፈር የደፈረሰውም ውሃ በዚያ ይጠብቃችኋል፤ የትልቁ ካሜራ ወገኖች ካሜራቸውን ከበርሜሉ አፍ በላይ፣ እኛም መብራታችንን በክንዱ ላይ አድርገን እንመጣለን።