በደጃችን ያለውን አገር ስለ መጎብኘት

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ዕለት ከቀድሞ ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



 የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ ስለ ብዙ ነገር አልናገርም። የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ፤ በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፤ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስላደረግሁት የቅዳሜና የእሑድ ጉዞ ብቻ እነግራችኋለሁ።

አገር ጎብኚ ሲባል በአሳባችን የሚመጣው ማን ነው? ባርኔጣ የደፋ፤ ፎቶግራፍ ማንሻ ባንገቱ ያንጠለጠለ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ የቱሪስት ድርጅትን አቋቁመው ኢትዮጵያን «የ13 ወር ጸጋ» ብለው ባስተዋወቁ ጊዜም ጥሪው ይልቁንም ለውጭ አገር ሰው ነበር። እኛም ጉብኝት የእንግዳ ሥራ ነው ብለን ቀረን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኛ የተነገረ ይመስላል።

የጉዟችን ምክንያት አንድ ጥያቄ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን አንድ ቀን ወደ ክፍል ገብተው፤ «ዓባይን ወርዶ ያየ እጁን ያውጣ» አሉ። ዓባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ የሚሄድ ወንዝ ሲሆን፤ እጃቸውን ያወጡ ተማሪዎች አምስት አይሞሉም ነበር። ቀጥለውም፤ «ከሞጣ በታች ያለውን ሰባራ ድልድይ ያየስ?» ቢሉ አንድም እጅ አልተነሣ። መምህሩ ምንም ሳይናገሩ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ዝምታቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደን።

ያለንን ገንዘብ ብናዋጣ ለአውቶቡስ ደርሶ መልስ ብቻ የሚበቃ ሆነ። እናቴ ቆሎና ዳቦ እየቋጠረችልኝ፤ «ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም አልሞተም፤ አገር ለማየት ነው» ብላት ፈጽሞ አልገባትም። እውነቷን ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለለቅሶ፤ ለሠርግ፤ ለገበያ፤ ለጠበል ወይም ለሙግት ነው። ለማየት ብሎ የሚወጣ ሰው ሥራ ፈት ይባላል።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ከቢቸና ተነሥተን፤ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አልፈን ሲመሽ ሞጣ ገባን። ከጓደኞቼ የአንዱ አክስት አሳደሩን። እኔ ሞጣን የማውቃት ወደ ባሕር ዳር ስሻገር አውቶቡስ የሚቆምባት ከተማ አድርጌ ብቻ ነበር። እኒያ ሴት ግን ማታ ቡና እያፈሉ፤ የሞጣን ጊዮርጊስን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል እንደ ሆኑ፤ እሳቸውም በ18ኛው መቶ ዓመት ጎጃምን የገዙት የራስ ኃይሉ እናት እንደ ነበሩ አጫወቱን። ይህን ሁሉ ሲያወሩ ስለ ጎረቤታቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

ቅዳሜ ሌሊት በአሥር ሰዓት ተነሥተን ወደ ዓባይ ቆላ ወረድን። ደጋው እያለቀ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ጫማዬ እግሬን ስለ ላጠኝ ከመንገዱ እኩሌታ በላይ በባዶ እግሬ ተጓዝሁ። ከቀትር በኋላ የወንዙ ድምፅ ተሰማን፤ ጥቂት ቆይቶም ድልድዩ ታየን።

ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን፤ በ17ኛው መቶ ዓመት፤ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኝ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞቻችን መካከሉን እንዳፈረሱት ይነገራል። በዚህም በዚያም ማዶ የቆሙት ግንቦች እስከ ዛሬ ይተያያሉ፤ መካከላቸው ግን ባዶ ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ ሰው ይሻገር የነበረው ከዚያው አቅራቢያ በተዘረጋ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ነበር።

መሽቶብን ስለ ነበር በአቅራቢያው ካለ መንደር «የእግዜር እንግዳ ነን» ብለን ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ገባን። እግራችን ታጠበ፤ እራት ቀረበልን። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ስለ ድልድዩ እንዲህ ሲሉ አወጉን፦

«በዚያን ጊዜ በወዲህና በወዲያ ማዶ ጉልበተኞች ይቆማሉ። ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ይታሠራል፤ እነዚህ ይለቁታል፤ እነዚያ ይስቡታል። ዓባይ ከታች ይጮኻል። እኔ ዓይኑን ሳይጨፍን የተሻገረ ሰው አላየሁም። እናቴ በዚያ ማዶ ስትሞት ክረምት ነበር። መርዶው በጩኸት ከማዶ ደረሰኝ። ወንዙ ሞልቶ ስለ ነበር የሚስበኝ ሰው አጣሁ። በዚህ ማዶ ቆሜ አለቀስሁ እንጂ አፈር አላለበስኋትም።»

ቤቱ ዝም አለ። ጥቂት ቆይተው፤ «እናንተስ ከወዴት ናችሁ?» አሉን።

«ከቢቸና ነን አያ።»

«ለምን ጉዳይ መጣችሁ?»

«ድልድዩን ለማየት።»

ሽማግሌው ሣቁ። «ፈረንጁ ሥዕሉን አይቶ ከባሕር ማዶ መጣ። ከቢቸና ድልድዩን ብሎ የመጣ ሰው ግን ሳይ የዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

በአነጋገራቸው ነቀፋ አልነበረበትም። እኛ ግን ቀና ብለን ልናያቸው አልቻልንም።

ከተመለስን በኋላ መርምረን እንደ ተረዳነው ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ «ናሽናል ጂኦግራፊክ» የተባለውን መጽሔት ሲያገላብጥ፤ ሰዎች በሰባራው ድልድይ ላይ በገመድ ሲሳሳቡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አየ። ሥዕሉም እንቅልፍ ስለ ነሣው በሚቀጥለው ዓመት ወደዚህ መጥቶ ከአገሩ ሰዎች ጋር ባዶውን ስፍራ በብረት አገናኘው። በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ጎርፍ ብረቱን ጠርጎ ቢወስደው፤ በ2009 ዓ.ም. ተንጠልጣዩ ድልድይ ተሠራ። ያ ሰው ያቋቋመው ድርጅት ከዚያ ወዲህ በሩዋንዳና በሌሎችም አገሮች ብዙ መቶ የእግረኛ ድልድዮችን ሠርቷል። የዚህ ሁሉ ሥራ መነሻ አንድ የጎጃም ድልድይ ሥዕል መሆኑን እናስተውል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከዚህ ላይ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው፤ ሰው ያላየው ነገር አያሳስበውም። ያ አሜሪካዊ ከእኛ ይልቅ ለሽማግሌው ቅርብ ሆኖ አይደለም፤ ነገር ግን አየ፤ እኛ ግን አላየንም። ሁለተኛው፤ እንግዳ ሊያገኘው የማይችል እኛ ግን የምናገኘው ነገር አለ። መጽሔቱ ገመዱን አሳየ። የሽማግሌውን እናት ነገር ግን የሰማነው እኛ ነን፤ ምክንያቱም በአፍ መፍቻ ቋንቋችን፤ በምድጃቸው ዳር ተቀምጠን ጠየቅናቸው። ካለ መጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለምን?

ሰኞ ጧት የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች ካለፉ በኋላ ደረስን። መምህራችን ቅጣታችን ያየነውን በክፍሉ ፊት መናገር እንዲሆን ፈረዱብን። እኔ ዛሬም ያንኑ ቅጣት እየፈጸምሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይናችን ተከፈተ። በሌላ ቅዳሜ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ሄድን። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብበን ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ስንከራከር፤ ዲማን እንደ ሩቅ አገር እንቆጥራት ነበር። ለካስ በደጃችን ናት! ደግሞም በሉቃስ ወንጌላዊ እጅ የተሣለች የእመቤታችን ሥዕል እንዳለችበት በትውፊት የሚነገርለትን የደብረ ወርቅን ገዳም ወጥተን አየን። በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን በዚህ አገር የተዋጉት፤ ከነፃነት በኋላ የቢቸና ገዥ ሆነው በ1937 ዓ.ም. የተሰቀሉት የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነገርም ከመጽሐፍ ወጥቶ በየሽማግሌው አፍ ሕያው ሆኖ አገኘነው።

እንግዲህ ለናንተ ለዛሬዎቹ ተማሪዎች የምመክራችሁ ጥቂት ነው። በዓመት አንድ ቅዳሜና እሑድ እንደ እንግዳ ሆናችሁ በገዛ አገራችሁ ውጡ። ከቻላችሁ በእግራችሁ ሂዱ። የምታገኙትን ሽማግሌና ባልቴት በትሕትና ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ሳታድሩ ጻፉ። መንገድ ሰላም በማይሆንበት ጊዜ ደግሞ ጉብኝቱ ከቤት ይጀመር፤ አያቶቻችሁን ስለ ተሻገሩት ወንዝ ጠይቋቸው። የጻፋችሁትንም በዚህ የትምህርት ቤቱ መጽሔት አትሙት፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ከመዝገብ ሁሉ የከበረ መዝገብ ይሆናል።

ምናልባት ከእናንተ መካከል አንዱ መሐንዲስ ይሆናል። ያን ጊዜ የወንዛችንን ድልድይ የሚሠራው በመጽሔት ያየው ሰው ሳይሆን፤ በባዶ እግሩ ወርዶ ያየው ልጅ እንዲሆን እመኛለሁ።