ልጅ የሚያውሉ እናቶችን ሕግ ይወቃቸው
(የፓርቲያችን ጸሐፊ በተበላ ከተማ ለተሰበሰቡ መራጮች ያቀረቡት ንግግር)




በምርጫ ሰሞን ስለ መንገድ፣ ስለ መብራትና ስለ ውሃ መናገር የተለመደ ነው። እኛም በማኒፌስቶአችን ተናግረናል። ዛሬ ግን በመድረክ ላይ እምብዛም የማይነሳ፣ በየቤታችሁ ግን በየማለዳው የሚነሳ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። እናት ሥራ ስትውል ሕፃኗ የት ይውላል?

መልሱን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ጎህ ሲቀድ ቅቤዋንና ጎደሬዋን ተሸክማ ገበያ የምትወጣው እናት፣ በሚኒባስ ሶዶ ሄዳ የምትሠራው፣ ምግብ ቤት ወጥ የምትሠራው፣ ትምህርት ቤት የምታስተምረው፣ ሁሉም ልጃቸውን ጎረቤት ዘንድ ትተው ይሄዳሉ። ቀድሞ ልጅ በአያት እጅ፣ በእንሰቱ ጓሮ ያድግ ነበር። ዛሬ አያት ገጠር ናት፤ ልጅና እናት ከተማ በኪራይ ቤት ናቸው። በዚህ ምክንያት በየሠፈሩ አንዲት እናት የራሷን ልጆች ይዛ የሌሎችንም ታውላለች። የሚከፈላት ጥቂት ብር ነው። ገበያ ሲከፋ ብሩ ይቀርና በሽንኩርት ወይም በበቆሎ ይካካሳል። ይህ ሥራ ነው፤ ሆኖም በየትኛውም መዝገብ እንደ ሥራ አልተጻፈም።

ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ሀገራችን የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 18 የሠራተኛ ወላጆች ልጆች የእንክብካቤ አገልግሎት እንዲያገኙ መንግሥትን ይገድዳል። የአፍሪካ የሕፃናት ቻርተርም ይህንኑ በአንቀጽ 20 ይደግማል። ቃሉ መልካም ነው። ወደ ዝርዝሩ ስንወርድ ግን የተበላ እናት አትገኝም።

በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን አሳድጓል። ጥሩ እርምጃ ነው፤ በተቃዋሚነታችን ምክንያት ጥሩውን መጥፎ አንልም። ነገር ግን በ91ኛው ቀን የሦስት ወሩን ሕፃን ማን ይያዘው ለሚለው መልስ አልሰጠም። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞቻቸው ልጆች ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደነገገ። ይህም የቢሮ ሠራተኛዋን ብቻ የሚመለከት ነበር። በገበያ የምትነግደው ፈቃድም ማቆያም የላትም። በ2002 የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ለታናናሾቹ የወላጆች ትምህርትንና ጤናን፣ ለ4 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት መዋዕለ ሕፃናትን አሰበ። ከ4 ዓመት በታች ያለው ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ቤት ግን ባለቤት ሳያገኝ ቀረ።

ወገኖቻችን፣

ሕግ የማያውቀው ቤት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ሕፃኑን የሚጠብቀው የለም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ቢነድ፣ ጉድጓዱ ክፍት ቢሆን፣ አንዲት ሴት ብቻዋን አሥራ ሁለት ሕፃናት ብትይዝ ቀድሞ የሚመክር አካል የለም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ሥር ያለን ሕፃን የሚበድልን ሰው ይቀጣል። ይሁን እንጂ ይህ ሕግ የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ልጅ የምታውለው እናት ራሷ ጥበቃ የላትም። አከራይ የልጆች ጫጫታ በዛ ብሎ ቢያስወጣት፣ ወላጅ የወሩን ሳይከፍል ቢቀር፣ አንድ ሹም ያለ ፈቃድ ትሠሪያለሽ ብሎ ቢያስፈራራት የምታሳየው ወረቀት በእጇ የለም።

ሦስተኛ ተጎጂም አለች። ጎረቤት በማይገኝበት ቤት ታናሽን የምትይዘው ታላቅ እህት ናት። የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ ወንድሟን አዝላ ትውላለች። ሌላዋ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ሞግዚት ትሆናለች። አዋጅ 1156 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት ቢያደርግም በግል ቤት የሚሠራውን ሥራ ከወሰኑ ውጭ ስላደረገ እርሷን አያገኛትም። ስለዚህ ስለ ሕፃናት ማዋያ ስንናገር ስለ ሴት ልጆች ትምህርትም እየተናገርን ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት መናገር አለብን። የዚህ ምዕራፍ የመጀመሪያ ረቂቃችን ሕፃን የሚያውል ሁሉ ሰፊ ግቢ፣ የተለየ የመኝታ ክፍልና የሠለጠነ ሠራተኛ እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። በዚሁ ከተማ በአንድ ክፍል ቤት ሰባት ልጆች ለምታውል እናት ስናነብላት ግን በዚያ ሕግ መሠረት እርሷ ነገ እንደምትዘጋ፣ ልጆቹ ግን ነገም እንደሚመጡ ነገረችንና የት እንደምትልካቸው ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ረቂቁን ቀደድነው። ድሃ ሊያሟላው የማይችል መስፈርት ሕፃናትን አያድንም፤ ቤቱን ከዓይን ይሰውራል፣ ለጉቦም በር ይከፍታል።

የሌሎች ሀገሮች ልምድም ይህንኑ ያስተምራል። የደቡብ አፍሪካ የ2005 (እ.ኤ.አ.) የሕፃናት ሕግ የማዋያ ተቋም ምዝገባ የሚጠይቀው ከ6 በላይ ሕፃናት ከሚይዘው ነው፤ ትንሹን ቤት ከትልቁ ለይቶ አየው። ፈረንሳይ በቤታቸው ልጅ የሚያውሉ ሴቶችን ፈቃድ ሰጥታ፣ አሠልጥናና እየጎበኘች ታሠራለች። ኮሎምቢያ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በድሃ ሠፈሮች የሚኖሩ እናቶች በቤታቸው የጎረቤት ልጆችን እንዲያውሉ መንግሥት ደግፋለች። እነዚያ እናቶች ለዓመታት ከታገሉ በኋላ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የሥራ ውልና ዝቅተኛ ደመወዝ አገኙ። በሀገራችንም ጅምር አለ። በ1997 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሥራ ቦታ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር አስቦ ነበር። የሚያስፈልገው ይህ ሐሳብ ወደ ከተማው ሠፈር እንዲገባ ነው።

ይህን ለማድረግ አዲስ አበባን መጠበቅ አያሻም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 የማኅበራዊ ልማት ፖሊሲ የማውጣትን፣ በአንቀጽ 97 ከግለሰብ ነጋዴዎች ግብር የመሰብሰብን ሥልጣን ለክልል ሰጥቷል። በነሐሴ 2015 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ይህ ሥልጣን በእጁ ነው። በመሆኑም ፓርቲያችን ለክልሉ ምክር ቤት የሚከተለውን ያቀርባል፤

1. ከራሷ ሕፃናት ጋር ከ6 የማይበልጡ ልጆችን በቤቷ የምታውል እናት በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ያለ ክፍያ በአንድ ቀን ትመዘገባለች፤ መታወቂያ ወረቀትም ታገኛለች። ከ6 በላይ የሚይዝ በማቆያ ደንብ ይተዳደራል፤ ያሉት ግን ረዳት እስኪያገኙ የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጣቸዋል።

2. መስፈርቱ ለሕይወት የሚያስፈልገው ብቻ ይሆናል። ይኸውም ከሰል ልጆች ባሉበት ክፍል አለመንደዱ፣ ንጹሕ ውሃና ሽንት ቤት መኖሩ፣ ጉድጓድ መከደኑ፣ በቤቱ የሚኖሩ አዋቂዎች ሁሉ መታወቃቸው፣ ወላጅ በፈለገበት ሰዓት መግባት መቻሉ ነው።

3. ጉብኝቱን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያካሂዳሉ። ባለሙያዋ መጀመሪያ ትመክራለች፣ ቀጥሎ የማስተካከያ ጊዜ ትሰጣለች። ቤት የሚዘጋው ለሕፃናት አስጊ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያውም በጽሑፍ በተሰጠ ምክንያትና በይግባኝ መብት። ማንም ጎብኚ በእጁ ገንዘብ አይቀበልም።

4. የተመዘገቡ እናቶች ከዚህ ሥራ በሚያገኙት ገቢ ላይ የክልሉ ግብር አይጠየቁም። በቀበሌ ቤት የሚኖሩም በዚህ ሥራ ምክንያት ቤታቸውን አይነጠቁም።

5. ጤና ጣቢያዎች በየዓመቱ በመጀመሪያ ሕክምና እርዳታና በሕፃናት አመጋገብ አጭር ሥልጠና ይሰጣሉ። እናቶቹ ማኅበር አቋቁመው ደንቡ ሲወጣም ሲሻሻልም ሐሳባቸውን የመስጠት መብት ይኖራቸዋል።

6. በትልልቅ ገበያዎች አጠገብ ወረዳውና ከተማው ቦታ ሰጥተው፣ ነጋዴ እናቶች የሚያስተዳድሩት የጋራ ማቆያ እንዲቋቋም ይደረጋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል። ለእያንዳንዷ እናት የወር ደመወዝ እንከፍላለን አንልም፤ የወረዳውን በጀት እናውቀዋለንና። ከላይ ያልነው በአብዛኛው አዲስ ሕንጻ አይጠይቅም። ቀበሌው፣ ጤና ጣቢያውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዛሬም አሉ። ይሁን እንጂ የባለሙያዋ ሥራ አሁንም ከባድ ስለሆነ ተጨማሪ ባለሙያ መቅጠር ግድ ይላል። ይህን ወጪ ከወዲሁ እንናገራለን፤ ከምርጫ በኋላ የሚገለጥ ዕዳ እንዲሆን አንፈልግም።

ሌሎች ደግሞ ይህ የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፣ መንግሥት ምን አገባው ይላሉ። የሚጠይቁት ቅን ሰዎች ናቸው፤ ቀበሌ በቤት ጉዳይ ገብቶ ያደረሰውን በደል የሚያስታውሱ ናቸው። ለዚህ ነው ሕጉ የጎብኚውንም እጅ እንዲያስር ያደረግነው። መመዝገብ ለመቆጣጠር ብቻ ከሆነ እናቶች ይሸሹታል። መብት ይዞ ከመጣ ግን ራሳቸው ይጠይቁታል።

የተከበራችሁ መራጮች፣

በዚህ ምርጫ አብላጫ ብናገኝ ይህን ሕግ እናወጣለን። አንድ ወንበር ብቻ ብናገኝ ደግሞ በዚያች ወንበር ረቂቁን እናቀርባለን፤ የሚቃወመውም ምክንያቱን በመዝገብ እንዲያሰፍር እንጠይቃለን። ከእናንተ የምንጠይቀው ድምፃችሁን ብቻ አይደለም። በዚህ አዳራሽ ልጅ የምታውሉ እናቶች አላችሁ፤ ረቂቁን ወስዳችሁ አንብቡት፣ ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው፣ የማይሠራውን አንቀጽ ንገሩን። አንዴ ቀደን ጽፈናል፤ ደግመን ለማረም ዝግጁ ነን።

በምርጫው ዕለት ብዙ እናቶች ተሰልፈው ድምፅ የሚሰጡት ልጃቸውን ጎረቤት ትተው ነው። ያቺ ጎረቤት ሕፃናቱን ይዛ በቤቷ እንዳትቀር፣ ተራ ገብታችሁ እርሷም እንድትመርጥ አድርጉ።