በሰው ፕሮግራም ውስጥ ስለሚያድር ቋንቋ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ሌላ ቋንቋ በእንግድነት ሲያድር፥ በባለቤቱና በእንግዳው መካከል ስለሚደረገው ውል ነው። ለምሳሌ የማነሣው ሉዋ የተባለውን ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. በብራዚል አገር፥ በሪዮ ዴ ጃኔሮ በሚገኘው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሰዎች የሠሩት ሲሆን፥ ስሙ በፖርቱጋል ቋንቋ ጨረቃ ማለት ነው። የታሰበውም በሲ ቋንቋ የተጻፈ ትልቅ ፕሮግራም ጥገኛ ሆኖ እንዲያገለግል ነው።

እንግዳው ሲገባ ባዶ እጁን ነው። ባለቤቱ ካልፈቀደለት ፋይል መክፈት ይቅርና፥ አንዲት ቃል እንኳ በመስኮቱ ላይ ለማተም አይችልም። ስለዚህ ባለቤቱ በሲ የጻፈውን ፋንክሽን በስም ያስመዘግብለታል። የሁለቱም መገናኛ እንደ እንጀራ የሚደራረብ የዋጋዎች ቁልል ነው። ፋንክሽኑ የተሰጠውን ከ1 ጀምሮ በቁጥር እያነሣ ይመረምራል፤ ሥራውን ሲፈጽም ውጤቱን ከላይ ይደርባል፤ ስንት ውጤት እንደ ደረበም በቁጥር ይመልሳል። ሁለት ደርቦ አንድ ብሎ የተናገረ እንደ ሆነ፥ ለጠሪው የሚደርሰው የላይኛው ብቻ ነው፤ የታችኛው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይጠፋል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የስሕተት ነገር ነው። ቁጥር በሚጠበቅበት ስፍራ ሠንጠረዥ የመጣ እንደ ሆነ፥ ሉዋ ስሕተቱን አንሥቶ ከፋንክሽኑ ውስጥ በአንድ ዝላይ ይወጣል፤ ከዚያ በታች የተጻፈው መሥመር ሁሉ አይፈጸምም። አስቀድሞ ከማስታወሻው ቦታ የተበደረ ፋንክሽን እንግዲህ ብድሩን ሳይመልስ ይቀራል። እኔም ቀን በቀን እየከበደ የሚሄድ ፕሮግራም ይዤ ብዙ ሌሊት ከደከምሁ በኋላ ያገኘሁት ይህንኑ ነበር። መድኃኒቱ የተሰጠውን ሁሉ አስቀድሞ መርምሮ ከዚያ በኋላ መበደር ነው፤ አለዚያም ቦታውን ራሱ ሉዋ እንዲሰጥና ራሱ እንዲሰበስብ ማድረግ ነው።

የትኛው ፋንክሽን ለእንግዳው ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ የከበደ ይመስለኛል። ውክፔዲያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሉዋን በገጾቹ ውስጥ ያሠራል። በዚያ የሚጽፈው ማንም ሰው ስለ ሆነ፥ ፋይል የሚከፍቱትና ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የሚያስተላልፉት ፋንክሽኖች ከቶ አልተሰጡትም፤ የሚሠራበትም ጊዜ በልክ ተወስኖበታል።