ስለ ውሃና ስለ አየር ጠባቂዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ውሃና ስለ አየር ነው። ነገር ግን ንጹሕ ውሃ ለሰው ያለውን ጥቅም መምህራችሁ ስላስተማሯችሁ እርሱን አልደግመውም። እኔ ልናገር የወደድሁት፤ ውሃውንና አየሩን እንዲጠብቅ መንግሥት የሾመው ሰው ሥራው ምን እንደ ሆነ፤ መጠበቁንም በተወ ጊዜ በሕዝብ ላይ የሚደርሰውን ነገር ነው። ምሳሌውን ከአሜሪካ አመጣለሁ። አገሩ ሩቅ ነው፤ ቢሆንም ነገሩ ተመርምሮ በመዝገብ የተጻፈ ስለ ሆነ ለመማሪያ ይመቻል።

እናንተ ውሃ ከምንጭ የምትቀዱ ሰዎች ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ከላይ የሚጠጣው ይቀዳል፤ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፤ ከዚያም በታች ልብስ ይታጠባል። ይህን ያፈረሰ ሰው ቢኖር ሁሉ ያየዋልና ሽማግሌዎች ይገሥጹታል። ነገር ግን ውሃው ከሩቅ ስፍራ በቧንቧ የሚመጣ በሆነ ጊዜ የሽማግሌ ዓይን አይደርስበትም። በውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ በምላስም አይታወቅም። ወደ ሕፃን ደም በገባ ጊዜ ግን አእምሮውን ይጎዳል፤ ትምህርትም ያከብድበታል። ስለዚህ የከተማ ሰው የሚጠጣውን ውሃ በራሱ ዓይን ሊመረምር አይችልም፤ የሚለካለትን ሰው ማመን ግድ ይሆንበታል።

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሚባለው አገር 50 መንግሥታት በአንድነት የቆሙበት ነው፤ ለእያንዳንዱም የራሱ አገረ ገዢና የራሱ ምክር ቤት አለው። (ዓመቶቹን የምጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1948 በጥቅምት ወር በፔንሲልቫንያ በዶኖራ ከተማ የብረትና የዚንክ ማቅለጫዎች ጢስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ በሸለቆው ውስጥ ብዙ ቀን ተኛ። ከላይ የሞቀ አየር እንደ ክዳን ሆኖ ስለ ከደነው ጢሱ መውጫ አጣ፤ 20 ሰዎችም ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩም ታመሙ። በዚያን ጊዜ ጢሱ ከዚህ ልክ አይለፍ የሚል የመላው አገር ሕግ ገና አልነበረም። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1970 የአየር ሕግ፤ በ1972 የወንዝ ሕግ፤ በ1974 የመጠጥ ውሃ ሕግ ወጣ።

የእነዚህ ሕጎች አሠራር እንዲህ ነው። ማዕከላዊው መንግሥት ልኩን ይወስናል፤ ልኩ መጠበቁን ግን የሚቈጣጠረው በአብዛኛው እያንዳንዱ መንግሥት በራሱ መሥሪያ ቤት ነው። የማዕከላዊው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ያን ጠባቂ ይጠብቃል። በወረቀት ላይ ሲታይ ጠባቂ በጠባቂ ላይ የቆመበት መልካም ሥርዓት ነው።

አሁን ወደ ፍሊንት እንሂድ። ፍሊንት በሚሺጋን መንግሥት ያለች፤ በ2014 መቶ ሺህ ያህል ሰው ይኖርባት የነበረች ከተማ ናት። ገንዘብ ስለ ጎደላት የሚሺጋን አገረ ገዢ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሹም ሾመባት። በሚያዝያ 2014 ወጪ ለማዳን ተብሎ ከዲትሮይት ይመጣ የነበረው የሐይቅ ውሃ ተቋርጦ የፍሊንት ወንዝ ውሃ ለሕዝቡ ተሰጠ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከተማይቱን የሚያስተዳድረውም የሚሺጋን መንግሥት ሹም ነበረ፤ ውሃውን የሚመረምረውም የዚያው መንግሥት መሥሪያ ቤት ነበረ።

የወንዙ ውሃ ብረትን የሚበላ ነበረ። በፍሊንት መሬት ውስጥ ደግሞ ብዙ የእርሳስ ቧንቧ ተቀብሮ ነበረ። ፎስፌት የሚባል መድኃኒት በውሃው ላይ ቢጨመር በቧንቧው ውስጥ ስስ ሽፋን ሠርቶ እርሳሱ እንዳይሟሟ ይከለክላል፤ ዲትሮይትም ይህን ታደርግ ነበረ። የሚሺጋን መሥሪያ ቤት ግን አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ስድስት ስድስት ወር ይመርመር ብሎ መድኃኒቱ ሳይጨመር እንዲቆይ አደረገ። ሰዎች ውሃው ቀለሙ ተለወጠ፤ ገላችንን አቈሰለን እያሉ ጮኹ። በጥቅምት 2014 ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የመኪና ኩባንያ ውሃው የሞተር ዕቃ ስለሚበላበት በፋብሪካው መጠቀሙን ተወ። ብረት የጎዳውን ውሃ ግን ሕፃናት ሲጠጡት ኖሩ።

በየካቲት 2015 የማዕከላዊው መሥሪያ ቤት ሰው መድኃኒቱ ይጨመራልን? ብሎ በጠየቀ ጊዜ፤ የሚሺጋን መሥሪያ ቤት አዎን፤ ቧንቧው የሚጠበቅበት ሥራ አለ ብሎ መለሰ። አልነበረም። በሚያዝያም አለመኖሩን አመነ።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን በጸሐፊነቴ ያስደነገጠኝ የቈጠራው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ የእርሳሱ ልክ በአንድ ሊትር ውሃ 15 ማይክሮግራም ነበረ፤ ማይክሮግራም ማለት ግራም በሚሊዮን ሲከፈል አንዱ እጅ ነው። ከተመረመሩት ቤቶች ከዐሥር አንድ እጅ የሚበልጡት ከዚህ ልክ ካለፉ ከተማው ለሕዝቡ መንገርና መድኃኒቱን መፈለግ ግዴታው ይሆን ነበረ። በ2015 ከ71 ስፍራ የተቀዳ ውሃ ተመረመረ። ከዚህም በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ሁለቱ ከዝርዝሩ ተሰረዙ፤ 69 ቀሩ። ከተሰረዙት አንዱ 104 የተገኘበት ሊአን ዋልተርስ የምትባል የልጆች እናት ቤት ነበረ። ለመሰረዙ ምክንያት ተሰጠው፤ በዚያ ቤት ማጣሪያ ተተክሏል፤ ሁለተኛውም መኖሪያ ቤት አይደለም ተባለ። ምክንያቱ ከደንብ የተጠቀሰ ነው። ነገር ግን ሁለቱ በመውጣታቸው የከተማው ቍጥር ከልኩ በታች ሆነና ማንም ምንም እንዲያደርግ አልተገደደም። ደግሞም ውሃ ለሚቀዱት ሰዎች በዋዜማው ማታ ቧንቧችሁን ከፍታችሁ አፍስሱ የሚል መመሪያ ይሰጥ ነበረ። እንዲህ ሲደረግ በቧንቧው ቆሞ እርሳስ የጠጣው ውሃ አስቀድሞ ይሄዳል፤ የሚለካውም የቀረው ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የራሴን ነገር አሰብሁ። ዳዊት ደግሜ፤ ዜማና ቅኔ ተምሬ፤ እጄ ለጽሕፈት ያማረ ነው ተብዬ ገና በወጣትነቴ በአንድ የእህል ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆንሁ። በቈጠራ ቀን ከእህሉ ከፊሉን ነቀዝ በልቶት አገኘነው። አለቃዬ፤ ልጄ፤ የነቀዘውን ለብቻው አትጻፈው፤ ቍጥሩን ያበላሽብናል አሉኝ። እኔም በቀይና በጥቁር ቀለም አሳምሬ ሙሉ ነው ብዬ ጻፍሁ። በሰኔ ያ እህል ለገበሬዎች ለዘር ተሰጠ። አልበቀለም። ገበሬዎቹም የመጡት ወደ አለቃዬ አልነበረም፤ መዝገቡን ወደ ጻፈው ወደ እኔ ነበረ። የምመልስላቸውም አላገኘሁም። ስለዚህ በሚሺጋን ጸሐፊዎች ላይ ስናገር ከነርሱ ተለይቼ አይደለም።

የፍሊንት ነገር የተገለጠው ከተሾሙት ጠባቂዎች ውጭ ባሉ ሰዎች ነው። ያቺ እናት መዝገብ እየመረመረች ጠየቀች። ማርክ ኤድዋርድስ የተባለ የቨርጂንያ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ከ250 የሚበልጥ ቤት ውሃ መርምሮ ብዙ እርሳስ አገኘ። ሞና ሐና አቲሻ የተባለች የሕፃናት ሐኪም ደግሞ የልጆቹን የደም ምርመራ ከሆስፒታሉ መዝገብ አውጥታ አመሳከረች። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት እርሳስ ከልክ በላይ የተገኘባቸው፤ ውሃው ከመለወጡ በፊት ከመቶ 2.4 ነበሩ፤ ከተለወጠ በኋላ ከመቶ 4.9 ሆኑ። በመስከረም 2015 ይህን ለሕዝብ ባስታወቀች ጊዜ የመንግሥቱ ሰዎች ቍጥርሽ ልክ አይደለም ብለው ተቃወሟት። ጥቂት ቀን ቆይተው ግን የራሳቸውን መዝገብ ቢመረምሩ ያንኑ አገኙ። በጥቅምትም ውሃው ወደ ዲትሮይቱ ተመለሰ። በ2014ና በ2015 በዚያ አገር በውሃ ውስጥ ከሚያድር ተሐዋሲ በሚመጣ የሳንባ በሽታ 12 ሰዎች ሞተው ነበር።

አገረ ገዢው ራሱ ያቆማቸው መርማሪዎች በመጋቢት 2016 ባወጡት ቃል ዋናውን ጥፋት በሚሺጋን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ላይ አደረጉ። የማዕከላዊው መሥሪያ ቤትም እያወቀ ዘግይቷል ተብሎ ተነቀፈ። ሚሺጋን ለተጎዱት 600 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል በ2020 ተስማማ። በሹማምንቱ ላይ በ2021 የቀረበው ክስ ግን በሥነ ሥርዓት ጉድለት በፍርድ ቤት ፈረሰ።

በእኛም አገር በ1995 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቍጥር 295 እያንዳንዱ ክልል የራሱን የአካባቢ ጠባቂ እንዲያቆም አዝዟል። እንግዲህ አንድ ቀን በመንደራችሁ ጕድጓድ ተቈፍሮ ወይም ቧንቧ ገብቶ ውሃው ተመርምሯል የሚል ወረቀት ቢመጣላችሁ፤ ውሃው ከየት ስፍራና በየትኛው ቀን እንደ ተቀዳ፤ ስንት ጊዜ እንደ ተለካ፤ ከዝርዝሩም የወጣ ቢኖር ለምን እንደ ወጣ ጠይቁ። ማንበብ የማይችል አባት ቢኖር ልጁ ያንብብለት።

 ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቀኝ።